የአናጺው አውራ ጣት

በያጁና አናጺው የጥልቅ ባሕር ጠላቂነት ትምህርት የጀመሩት አብረው ነው። አናጺው የበያጁን ታናሽ እህት ያገባ፣ ከልጅነቱም ከእሱ ጋር ያደገ ሰው ነው።

የበያጁ አባት ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ከነጀልባው ሰጥሞ ቀርቷል። ጀልባው የት እንዳለ ይታወቃል፤ ነገር ግን የመጨረሻውን ደረጃ ያላለፈ ሰው እዚያ ድረስ መውረድ አይፈቀድለትም። በያጁ የአባቱን ጀልባ በእጁ ሳይነካ ላይሞት ለእናቱ ቃል ገብቷል። አናጺውም ብቻህን አትወርድም ብሎ ተከተለው።

ትምህርቱ እንደ ልብስ በልክ የሚሰፋ ነው አለቻቸው አስተማሪዋ። የቸኮለ ደረጃዎቹን በተከታታይ ይጨርሳል፤ ያልቸኮለ አንዱን ደረጃ ከፋፍሎ ይወስዳል፤ ጓደኛሞችም እኩል መራመድ ግድ የለባቸውም። እነሱ ግን እኩል ካልሆነ ይቅርብን አሉ።

«ጋብቻ አስመሰላችሁት» ብላ ሳቀችባቸው።

ከዚያ ሕጉን ነገረቻቸው። ማንም ጠላቂ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ካነሳ ጉዞው አበቃ። ጓደኛው ማየቱን ለማሳወቅ ያንኑ ምልክት ይመልሳል፤ አብረው ይወጣሉ። ከወጡ በኋላ ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የተጠየቀ ሰው ሌላ ጊዜ አፍሮ ዝም ይላል፤ ውሃ ውስጥ ዝም ያለ ደግሞ ይሞታል። ጥልቅ ሲወርዱ የሚተነፍሱት አየርም እንደ መጠጥ ያሰክራል አለች፤ አንድ ተማሪዋ ለዓሣ ሲያጨበጭብ ቆይቶ፣ ከወጣ በኋላ ሲነግሩት ውሸት ነው ብሎ ሊደባደብ ነበር። አናጺው፣ እንግዲህ በነጻ መስከሪያ አገኘን ብሎ ቀለደ።

የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች እንደ ዋዛ አለፏቸው። ጥልቁ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ተበላሸ። ገመዱን ተከትለው ይወርዳሉ፤ ብርሃኑ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ከዚያ በያጁ ቀና ሲል የአናጺው አውራ ጣት ወደ ላይ ቆሟል። ይወጣሉ። ሌላ ቀን ይሞክራሉ፤ ያው ነው። በያጁ ሕጉን አክብሮ ጥርሱን ይነክሳል። አናጺው ዕቃውን እያለቀለቀ ስለ ነፋሱ ያወራል።

በያጁ መጀመሪያ ላይ አዘነለት። ፈርቶ ነው፣ ይለምደዋል ብሎ ታገሠ። እየቆየ ሲሄድ ግን ሆዱ ሻከረ።

አንድ ቀን ወደ ማሠልጠኛው ሲመጣ የአናጺውን የመጥለቂያ ልብስ እርጥብ ሆኖ ተሰቅሎ አገኘው። አስተማሪዋን ጠየቀ። አናጺው ጥልቁን ደረጃ ከሌላ ተማሪ ጋር ወርዶ፣ ያለ አንዳች እንከን አልፏል።

በያጁ በቀጥታ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። እህቱ ልብስ ትተኩሳለች፤ አናጺው የወንበር እግር ይጠግናል። ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ከእኔ ጋር ስትወርድ አውራ ጣትህ ይነሳል። ከባዕድ ጋር ስትወርድ አይነሳም። ቀድመኸኝ አባቴ ጋ ልትደርስ ነው? ለእናቴ ልጇ አንተ ልትሆን?»

አናጺው የወንበሩን እግር አስቀምጦ አየው። ከዚያ ሚስቱን አየ።

«ይሁን፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝ» አለ።

ሚስቱ ለምን ብላ ጠየቀችው። የወንበሩን እግር አንስቶ መጠገኑን ቀጠለ። ካውያውን ነቅላ ወደ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች።

በያጁ ከዚያ ወዲያ ያንን ደጃፍ አልረገጠም። ለእናቱም ሁሉን ነገራት። አሮጊቷ እንደ ልጇ የምታየውን አማቿን ሰላምታ ነሳችው። አናጺው ደጋግሞ መጥቶ ከበር ተመለሰ፤ ኋላም መምጣቱን ተወ።

በያጁ አስተማሪዋን ራሷ እንድታጅበው ለመናት። እሺ አለችው። የማይከዳው ጓደኛ በማግኘቱ ልቡ አርፎ ወረደ። ገመዱን ተከተሉ፤ ብርሃኑ ደበዘዘ፤ ቅዝቃዜው ጓንቱን አልፎ ገባ። ቀና ሲል የአስተማሪዋ አውራ ጣት ወደ ላይ ቆሟል።

የማሠልጠኛው ጀልባ ላይ እንደወጡ የመጥለቂያ መነጽሩን ከፊቱ ነቅሎ ወረወረው።

«አንቺንም አሳደመሽ?» አላት። «ከእሱ ጋር የዶለትሽው መቼ ነው?»

አስተማሪዋ የመዋኛ ጫማዋን ማውለቅ አቆመችና ቀና ብላ አየችው።

«ለምን እንደሆነ አልጠይቅህም» አለችው ቀስ ብላ፤ «እኔ ግን ጣቴን ያነሳሁት ያንተን አይቼ ነው።»