ሻካራው ወለል

ባሏ የሴራሚክ መቁረጫ ማሽን ገዝቶ የገባ ቀን ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ሰውዬው አውቶቡስ ለመንዳት እንጂ ለእጅ ሥራ አልተፈጠረም፤ አንድ ሚስማር ለመምታት ሁለት ጣት የሚቀጠቅጥ ሰው ነው። ማሽኑም ለግንበኛ ሳይሆን ቤቱን አልፎ አልፎ ለሚጠግን ሰው የተሠራ ርካሽ ነገር ነበር። ትሪ የምታህል የብረት ጠረጴዛ፣ ከመሐሏ ብቅ ያለች ዲስክ፣ ከሥሯ ደግሞ ውኃ የሚሞላበት ገንዳ። ዲስኳ ውኃው ውስጥ እየተነከረች ስለምትቆርጥ አቧራ አይነሳም አላት።

ምን ሊቆርጥበት እንደሆነ ጠየቀችው። መታጠቢያ ቤቱን ሊያድስ ነው፤ ወለሉ ያንሸራትታል አለ። ባለፈው ወር ሳሙና ረግጣ ወድቃበት ስለነበር ነገሩን በበጎ ወሰደችው።

ግንበኛ እንጥራ ስትለው ግን ፊቱን አዞረ። «እኔው እሠራዋለሁ። እስኪያልቅ ለጎረቤት እንዳትነግሪ።»

የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ግቢው ውስጥ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ሴራሚክ ጥጉ ተሸርፎ ተሰበረ፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። አምስተኛው ላይ እጁን አላላ፤ ሳይገፋ፣ ዲስኳ በራሷ ጊዜ እንድትበላ መተው ተማረ። ነጭ ጭቃ ፊቱ ላይ እየተረጨ፣ የገንዳው ውኃ ወተት በመሰለ ቁጥር እየደፋ እየሞላ፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ዋለ። ሃያ ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ ሲታገስ አይታው አታውቅም።

እሷም የራሷ ጣጣ ነበረባት። የስፌት መኪናዋ ፔዳል ከብዷት ቀኝ እግሯ ቶሎ ይዝላል። መካኒኩ መጥቶ አየውና ምንም አልሆነም ብሎ ዘይት ቀብቶት ሄደ። መጀመሪያ አላመነችውም፤ ግን ከዚያ በፊት ድካም ድካም ሲላት ተመርምራ፣ ውጤቱን ባሏ ከሐኪም ቤት ተቀብሎ ደም ማነስ ነው ብሎ ክኒን አምጥቶላታል፤ ድካሙ ከዚያ ይሆናል ብላ ተወችው።

በአራተኛው ቀን ባሏ የመታጠቢያ ቤቱን ደፍ በመዶሻ አፈረሰ። በማግስቱ የበሩን መቃን ነቅሎ በሩን በሁለት ስንዝር አሰፋው። የሚያንጸባርቀውን የድሮ ወለል ገሽልጦ፣ እንደ ድመት ምላስ የሚሻክር ትንንሽ ሴራሚክ መደርደር ጀመረ።

ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ነገሩ ገባት። አማቷ ሊመጡ ነው።

አማቷ ዓምና ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ አራት እግር ያለው ብረት እየተደገፉ የሚሄዱ ሴት ናቸው። ከሴት ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ልብስ ሰፊዋና ባሏ ሲጋቡ «ልጄን በክር ጠልፋ ወሰደችው» ያሉ እሳቸው ናቸው። ባልና ሚስቱ ልጅ ሳይወልዱ ሲቀሩ ደግሞ በዘመድ ፊት ደረቅ መሬት ብለዋታል። ያንን ቃል አሥራ ሁለት ዓመት ሆዷ ውስጥ ይዛው ኖራለች።

አሁን ባሏ ለእኚያው ሴት፣ ሳያማክራት፣ ዓይኗ እያየ ቤቷን እያሰፋ ነው። ለዚህ ነው ግንበኛ ያልጠራው፤ ለዚህ ነው ለጎረቤት አትንገሪ ያለው። ለሦስት ቀን አላነጋገረችውም፤ ምሳውን ከማሽኑ አጠገብ አስቀምጣለት ትመለሳለች። እሱም ለምን ዝም አልሽ አላላትም፤ ቀና ብሎ ሲያያት ቶሎ ዓይኑን ይሰብራል። የጥፋተኛ ዓይን ነው አለች በልቧ።

ለባሏ እህት ደወለች። እናቷ ዕቃ መሸከፍ ጀምረው እንደሆነ በነገር ጠየቀቻት። የባሏ እህት ድምጿ ተሰባበረ።

«አይዞሽ እህቴ» አለቻት። «ወንድሜ ልቡ ሩኅሩኅ ነው። ሁሉንም ትችሉታላችሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ዘጋች። ሁሉም መክረውበታል ማለት ነው። የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢው ወጣች። እግሯ ደረጃው ላይ ከድቷት ግድግዳውን ያዘች፤ ንዴት ነው። ባሏ የመጨረሻዋን ሴራሚክ እየቆረጠ ነበር። ማሽኑን አጥፋው አለችው። አጠፋው።

ለዓመታት የያዘችውን ሁሉ አወጣችው። የጠለፈችውን ክር፣ ደረቁን መሬት፣ ምንም እንዳልሰማች ሆና ያሳለፈቻቸውን የዘመድ ቤቶች። እሱ በቆመበት አንገቱን ደፍቶ ሰማት።

«እሳቸው በዚያ በር ሲገቡ፣ እኔ በዚህኛው እወጣለሁ» አለች በመጨረሻ። «እንግዲህ ምረጥ።»

ባሏ ፊቱን በክንዱ ጠረገ፤ ነጩ ጭቃ ተሸነታተረ። ሜትሩንና እርሳሱን ከኪሱ አወጣና ክንዷን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ወሰዳት። የመጸዳጃው መቀመጫ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ሻካራው ወለል ላይ፣ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«እናቴ አትመጣም» አለ። «እጅሽን ዘርጊልኝ፤ ስትነሺ የምትደገፊውን ብረት የት እንደምተክለው ልለካ።»