የተገለበጠችው ቀስት

መምህሩ የራኬብን የመመረቂያ ሥራ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ይህን የሆስፒታል ሶፍትዌር ዲዛይን ከመጽሐፌ ነው ኮፒ ያደረግሽው! ‹ታካሚ ሰው ነው› ለማለት ከ‹ታካሚ› ምድብ ወደ ‹ሰው› ምድብ መሄድ የነበረባትን ቀስት ተመልከቻት። ተገልብጣለች፤ በዚህ ዲዛይን ሰው ሁሉ ታካሚ ነው። ለሕትመት ስጣደፍ የሠራሁት የራሴ ስሕተት ነው። ትባረሪያለሽ!»

«መጽሐፍዎን አላየሁትም፣ ቲቸር» አለች ራኬብ። «ሟች እህቴ የጀመረችውን ነው የጨረስኩት። ቀስቷን ላርማት ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።»

ከቦርሳዋ የእህቷን የደበዘዘ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችለት። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን መጽሐፉ ከታተመበት በሦስት ዓመት ይቀድማል። ከቀስቷ ጎን በቀይ እስክሪብቶ፣ በመምህሩ የእጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል፦

«ቀስቷ ተገልብጣለች። አርመሽ አምጪ።»