ከውሃው ማዶ

እትዬን ከውሃው ማዶ ሲያያት መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ነበር። የግድቡ ውሃ በሁለቱ ተራሮች መሃል ዘልቆ ስለገባ፣ እሷ ያለችበት ቦታ ድንጋይ ቢወረውር የሚደርስ ይመስላል፤ በብስክሌት ግን በጫካው በኩል የውሃውን ጫፍ ዞሮ አስራ አንድ ኪሎሜትር ነው። ታላቅ እህቱ እንደ ልማዷ ቀድማው ሄዳ ነበር። አሁን ብስክሌቷ አጠገቧ ወድቋል፤ እሷም አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። እሱ ነርስ ነው፤ ያን አቀማመጥ ሲያይ ብስክሌቱን ጥሎ ወደ ውሃው ዳር ሮጠ።

«እትዬ! ምን ሆንሽ?»

«ደረቴን ጨነቅ አደረገኝ። ትንሽ ልረፍ፣ ይለቀኛል።» ድምጿ ከጎኑ ያለች ያህል ጥርት ብሎ መጣ።

ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ የለም። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባና፣ ዋና አለመቻሉ ትዝ ሲለው እየተደናቀፈ ወጣ። እዚያው ቢቆም ከማየት በቀር ምንም አያደርግላትም። ቢሄድ ደግሞ ጫካው ይጋርዳታል።

«መጣሁ! እንዳትነሺ! ስጠራሽ አቤት በዪኝ!»

«ቀስ እያልክ፣ የኔ ወንድም! ቁልቁለቱ ክፉ ነው!»

ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ዛፎቹ መሃል ገባ። «እትዬ!» አለ። «አቤት!» አለችው። ከመታጠፊያው በኋላ ደግሞ ጠራት፤ ራቅ ብሎ፣ ደከም ብሎ «አቤት» መጣ። ሦስተኛውን ጊዜ ጠርቶ፣ የራሱ ትንፋሽ ድምጿን እንዳይሸፍንበት ብሎ ብስክሌቱን አቆመና ትንፋሹን ያዘ። ወፎች ብቻ ተሰሙት።

ከዚያ በኋላ መጥራቱን ተወ። «ደረስኩ እትዬ፣ ደረስኩ» እያለ ፔዳሉን ረገጠ፤ ገና የውሃው ጫፍ ጋ እንኳ ሳይደርስ።