የመጨረሻው መደብ

ወባው ገና በቅጡ ያልለቀቀው ይትባረክ በቴፒው ችግኝ ጣቢያ ዳስ ሥር ተንበርክኮ የመጨረሻውን መደብ ደግሞ ቆጠረ። አፈር የተሞላው ሃምሳውም የፕላስቲክ ከረጢት ችግኝ ይዟል። ባሕር ማዶ ተልከው በአዮን ጨረር ከተመቱት የቡና ዘሮች ውስጥ ከባዱን መጠን የቀመሱት እነዚህ ነበሩ። ጨረሩ ሲበረታ አብዛኛው ዘር ይሞታል፤ የተረፈው ግን ተለውጦ ይበቅላል። ይትባረክ አራት ዓመት የደከመው በሽታ የሚቋቋም ቡና ከእነዚያ ትራፊዎች መሐል ይገኝ እንደሆነ ብሎ ነበር። ሃምሳውም ይተርፋሉ ብሎ ግን በሕልሙም አላሰበም።

«እትዬ በየነች፣ ሁሉም በቀሉ?» አለ።

ሃያ ዓመት ችግኝ ያፈሉት እትዬ በየነች የውሃ ማጠጫቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «የት በቅለው! አንተ ታመህ ስትተኛ ባዶ ፕላስቲክ እያየሁ ዝም ልበል? እንደ ልማዳችን ከወዲያኛው ከተራው ቡና መደብ እያመጣሁ ተካሁልህ እንጂ።»

«አንድም አልበቀለም ነበር?»

«ሁለት ብቅ ብለው ነበር። ቅጠላቸው ጭምድድ ያለ፣ ቡናም የማይመስሉ። አለቆችህ ፊት እንዳያሳፍሩህ ነቅዬ ጣልኳቸው።»

 ይትባረክ ማጠጫውን አንሥቶ ሃምሳውን ችግኝ ከዳር ጀምሮ ማጠጣት ያዘ።