የባለመስኮቷ ፋይሎች

ጋሪው ሲጥ ሲጥ እያለ መጥቶ ጠረጴዛዬ ጋ ይቆማል። ላዩ ላይ የተከመረው ፋይል ቆሜ እንኳ አገጬ ድረስ ይደርሳል። ከኋላው አለቃችን ገና በጠዋቱ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል።

"የኔ ቀልጣፋ፣ ይሄን ያዥልኝማ። አይዞን።"

በሌለበት የምንጠራው አይዞን እያልን ነው። ሸክም በጫነብን ቁጥር አይዞን ስለሚል ያወጣንለት ስም ነው፤ እሱ አይዞን ባለ ቁጥር ከመሀላችን አንዱ ይጎብጣል።

ፋይሎቹ መስኮቱ ጋ ትሠራ የነበረችው የባለመስኮቷ ናቸው። ባለመስኮቷ ባለፈው ሳምንት ውሃ ልጠጣ ብላ ተነሣችና በዚያው ቀረች። ባጇን በሰው ላከች። ማንም አልፈረደባትም። የኢንሹራንስ ካሳ ክፍል የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሰማው የተቃጠለ ቤት፣ የተጋጨ መኪና፣ የሞተ ባል ነው፤ ደዋዩም ቤቱን ያቃጠልነው እኛ ይመስል ይቆጣናል። ሰው ሲለቅ ደግሞ ምትክ አይቀጠርም። ሥራው እጁ ለፈጠነው ይሰጣል፣ ደንባችን ነው። እዚህ ክፍል ፈጣኗ እኔ ነኝ፤ ለፍጥነቴ የማገኘው ሽልማት የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ትናንት እናቴ ደወለችልኝ። "ልጄ፣ ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ወደቅሁ" አለችኝ። እኔ ሆዬ፣ "አደጋው የደረሰው በስንት ሰዓት ነው? የዓይን ምስክር አለ?" ብዬ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እባክሽ ልጄን አገናኚኝ" አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ይሄን ጋሪ ዛሬ ከተቀበልኩ እናቴ ልጇን አታገኛትም። እምቢ ካልኩ ደግሞ ባጄን ተቀብለው ይሸኙኝ ይሆናል።

"አልወስደውም፣ አለቃ" እላለሁ።

"ምን አልሽ?"

"አልወስደውም። የያዝኩት ራሱ ከአቅሜ በላይ ነው።"

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ከፋይሉ ቀና ይላል። አለቃ ፈገግታውን አይለቅም፤ በዚህ ፈገግታ ስንቱን አሳምኗል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ።"

ከጀርባዬ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ይሸፍናል። አሁን የአለቃ ፈገግታ ይጠፋል። እጁን ወደ አዳራሹ ይዘረጋል።

"መልካም። እንግዲያው ለማን ልስጠው? ራስሽ ምረጪ።"

ይሄን አላሰብኩበትም። ዞር ብዬ አያቸዋለሁ። እርጉዟ እግሯ አብጦ ጫማዋን አውልቃለች። ጡረታቸው የደረሰው ሽማግሌ፣ አባባ የምንላቸው፣ ንጹሕ መነጽራቸውን ደጋግመው ይጠርጋሉ። ወሬ የማይደክመው የጎኔ ባልደረባ እንኳ ወለሉን ያያል። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል፤ ስሙን እንዳልጠራ እየለመነኝ ነው። አንዳቸውን ብጠቁም ጋሪው ከፊቴ ዞር ይልልኛል። ፈርቻለሁ።

"ለማንም" እላለሁ። "ለማንም አይስጡት።"

"ታዲያ ሜዳ ላይ ልበትነው?"

ያኔ ወንበር ይንቋቋል። አባባ ተነሥተዋል። እኚህ ሰው ዝም አይነቅዝም እያሉ ዕድሜያቸውን የገፉ፣ ለአለቃ ቃል መልሰው የማያውቁ ናቸው። "እኔም አልወስድም፣ ልጄ" ይሉታል። አለቃን ልጄ ብለውት አያውቁም።

እርጉዟ ጫማዋን ሳታደርግ ትነሣለች። "እኔም።" ወሬኛው ለዛሬ ቃል አጥሮት እጁን ብቻ ያነሣል። ከዚያ የኋላው ረድፍ፣ ከዚያ በሩ ጋ ያሉት፤ ወንበር በወንበር ላይ እየተንኳኳ አዳራሹ ሙሉ ይቆማል። ደስ ይለኛል። እስከ ዛሬ እያንዳንዳችን የደከመን ለብቻችን ይመስለን ነበር።

አለቃ ከጋሪው ጋር መሀል ላይ ብቻውን ቀርቷል። ጠጋ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "እኔስ ምን ላድርገው?" ይለኛል። የምሩን ነው። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ ለካ እሱም እንቅልፍ የለውም።

"ዋናው መሥሪያ ቤት ይደውሉ። ሰው ይጨመርልኝ ይበሉ።"

"ሠራተኛ ማዘዝ አቃተው ቢሉኝስ?"

"አይዞን" እለዋለሁ። ላሾፍበት ብዬ አልነበረም፤ ከአፌ አመለጠኝ።

አንድ አፍታ ያየኛል። ከዚያ ጋሪውን አዙሮ ወደ ቢሮው ይገፋዋል። በሩ ላይ ጎማው ይያዝበታል፤ ቢገፋው አይገባ፣ ቢስበው አይወጣ። ትቶት በጎኑ ሾልኮ ይገባል። በሩ አልተዘጋምና ስልክ ሲያነሣ ይሰማናል።

አንዳችንም አልተቀመጥንም። ጠረጴዛዎቻችን ላይ ስልኮች ይጮኻሉ፤ የሚያነሣ የለም።

"ሰው አንሶኛል" ይላል አለቃ። ያዳምጣል። "የለም ጌታዬ፣ ሰነፎች አይደሉም።" እንደገና ያዳምጣል። አባባ መነጽራቸውን አድርገዋል። እርጉዟ እጄን ትይዛለች።

"ጌታዬ፣ አልሰሙኝም" ይላል አለቃ፣ አሁን ጮክ ብሎ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ። "ሰው አንሶኛል ነው የምልዎት።"