የማያርፈው ዲስክ

ጽናት ጆሮዋን ወደ ሰርቨሩ አስጠግታ አዳመጠች። ውስጡ ያለው ሀርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ለአፍታ ያርፍና እንደገና ይቀጥላል። ከፊቱ ያለችው ትንሽ መብራትም አብራው ትርገበገባለች። ትናንት ከደብረ ብርሃን ስትገባ እንዲሁ ነበር። ዛሬ ጠዋትም፣ አሁን ከምሳ በኋላም ያው ነው፤ የነካው ሰው ግን የለም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚለው አባባ?"

አባቷ አቶ አፈወርቅ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። "እሱ ከሄደ ወዲህ አቁሞ አያውቅም" አሉ። "ብቻ እንዳትዘጊው። እሱ ጓዳ ሆኖ የሚሠራ ይመስለኛል።"

"እሱ" የሚሉት ልጃቸውን ምንይሉን ነው፤ የጽናትን ታላቅ ወንድም። ቀየት ከተማ ላይ ፎቶ ቤት ነበረው። አሮጌ ኮምፒውተር ጠጋግኖ ይህን ሰርቨር እቤት ያቆመው፣ የአሥር ዓመት ሥራው እንዳይጠፋበት ብሎ ነው። የአገሩ ሰው ሠርግ፣ ክርስትና፣ ቀብር ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ምንይሉ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ከሞተ አራት ወሩ ነው፤ ሰው ግን ዛሬም ሙት ዓመት ሲደርስበት በር እያንኳኳ የእናቱን ፎቶ ይጠይቃል።

ዲስኩ አርጅቷል። ቀንና ሌሊት እንዲህ ከለፋ አንድ ቀን ቀጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ፎቶዎቹን የሚያወጣቸው የለም። ሌላ ቅጂም የላቸውም።

ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ሰርቨሩ ገባች። መጀመሪያ የጠረጠረችው ከውጭ የገባ ሰው ነው። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለች፤ ቀጭቀጭታው አልቆመም። ከዚያ ዲስኩን እየተጠቀሙ ያሉትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፈተች። ሁሉም ተኝተዋል። አንዱ ብቻ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶና ቪዲዮ ትንሽ መለያ ምስል የሚያዘጋጀው፣ ያለ እረፍት ያነባል።

ፕሮግራሙ የሠራውን የሚጽፍበትን መዝገብ ገለጠች። ከላይ እስከ ታች ሦስት መስመር ነው የሚደጋግመው፤ ፋይሉ ተከፈተ፣ ማንበብ አልተቻለም፣ እንደገና በመሞከር ላይ። ወደ ኋላ ሄደች፤ ያው። አንድ ወር ወደ ኋላ፣ ሁለት ወር፤ ያው። አራት ወር ሙሉ አንድ የተበላሸ ቪዲዮ ሲያነሳና ሲጥል ኖሯል።

የቪዲዮውን ቀን አየች። ምንይሉ ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ነው።

"አባባ፣ መንገድ ከመሄዱ በፊት ባለው ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?"

"ጠፍቶ ነበር። ከስልኩ ወደዚህ ሳጥን የሚያስገባው ነገር ነበረው፤ እሱ ሳያልቅ ጨለመ። ጠዋት መብራቱ ሳይመጣ ወጣ።"

ስልኩ ከእሱ ጋር ነው የጠፋው። ጽናት ከቪዲዮው መነበብ የቻለውን ያህል ወደ ላፕቶፗ ቀዳችና መጠገኛ አስጀመረችበት። ከዚያም የሰርቨሩን ፕሮግራም ያን ፋይል እንዲያልፈው አዘዘችው።

ድምፁ ቆመ። ከውጭ ነፋሱ የቆርቆሮውን ጠርዝ ሲያንኳኳ ይሰማ ጀመር።

አቶ አፈወርቅ ቀና አሉ። "ዘጋሽው?"

"አልዘጋሁትም። አሳረፍኩት እንጂ። አሁን ይሰነብታል።"

አቶ አፈወርቅ ዓይናቸውን መሬት ላይ እንደተከሉ፣ "መብራት የጠፋ ዕለት፣ ተከልሎ የከረመው የጓሳ ሣር ለአጨዳ የተከፈተበት ነው" አሉ። "ማለዳ አብረን ወጣን። ስልኩን ይዞ ወደ ኋላ እየቀረ አስቸገረኝ። ለማጨድ ካልሆነ ተመለስ አልኩት። ዞር ብዬም አላየሁት። ከሰዓት ስመጣ እዚህ ተቀምጧል። ያኔውኑ ተቀይሞኝ እንደተመለሰ ገባኝ። እኔም ማታ አላናገርኩትም።"

"እስከ ጠዋት?"

"እስከ ጠዋት። ሲወጣ ነቅቼ ነበር። የተኛሁ መሰልኩ።"

ላፕቶፑ የተበላሸውን ቪዲዮ ጠግኖ ጨርሷል። ሃያ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው የተረፈው። አባቷ አጠገብ ሄዳ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ከፈተችው።

የጓሳ ሣር በነፋስ ተኝቶ ይነሳል። መሐል ለመሐል በቀጭኗ መንገድ አንድ ሽማግሌ ማጭድ ትከሻው ላይ አድርጎ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ድምፅ የለውም። ምስሉ ከፍ ዝቅ እያለ ይከተለዋል፤ ሽማግሌው ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ድንጋይ ሊሻገር ቆም ሲል ይቆማል።

"ይሄ እኔ ነኝ" አሉ አቶ አፈወርቅ።

"አዎ።"

ሲያልቅ መልሳ ከፈተችላቸው። በሦስተኛው ጊዜ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው አንገታቸውን ወደ ፊት ሰገግ አደረጉ።

"ይሄ ድንጋይ ተመለስ ካልኩት በኋላ የተሻገርኩት ነው። አልተመለሰም ነበራ" አሉ ቀስ ብለው። "ከኋላዬ ነበር።"

ጣታቸው ወደ ላፕቶፑ መስታወት ታች ሄደ። የማለዳ ፀሐይ ከጀርባው የመታችው የምንይሉ ጥላ ሣሩ ላይ ረዝሞ ተኝቶ፣ ከፊቱ የሚሄደውን ሰው ተረከዝ ሊነካ ደርሷል።