የሁለት ዓይን ሒሳብ

ስንዱ በዓይን ሞራ ምክንያት ማየት ካቆመች ቆይታለች። ባሏ ቦጋለ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በሹፌርነት ሲሠራ፣ ከደመወዙ ግብር እየተቆረጠ ከሚተርፈው ላይ ያጠራቀመውን ይዞ የዓይን ክሊኒክ ወሰዳት። እንደ ወትሮው ክንዱን ይዛ፣ ገንዘብ መክፈያው መስኮት አጠገብ ቆመች።

«የሁለት ዓይን ቀዶ ሕክምና ነው» አለ ቦጋለ።

ሒሳብ ተቀባይዋ የነገረችው ዋጋ ከያዘው በለጠ። «አዲሱ የሽያጭ ታክስ ተጨምሮበት ነው፣ አባባ። የደመወዝ ግብር ቀርቶ የለ? አሁን የሚከፍለው የሚገዛ ሰው ነው።»

«እኔ ደመወዝ የለኝም፣ ልጄ። በነበረኝ ጊዜ ግብሩን ከፍዬ ጨርሻለሁ። ይኼ ከዚያ የተረፈው ነው።»

«ምን ላድርግዎት? ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው።»

ቦጋለ ገንዘቡን በጣቱ እየነካካ እንደገና ቆጠረ። «እንግዲያው አንዱ ይቅር። የአንድ ዓይን ተቀበይኝ።»

ስንዱ አልከፋትም። «አንዱም ዓይኔ ይበቃኛል። አንተን ካየሁበት ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» አለችው። እሱ ገንዘቡን በመስኮቱ አሳለፈ።

በማግስቱ ሐኪሙ ፋሻውን ፈታላት። ብርሃኑ ሲወጋት ጨፈነች፤ ቀስ ብላ ስትገልጥ ግድግዳው፣ መጋረጃው፣ የሐኪሙ ጋውን አንድ በአንድ ጠሩላት። ከዚያ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ቦጋለ ግድግዳውን እየዳበሰ ይገባ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቹ ነጭ ሞራ ለብሰዋል። ያስቀረው ሁለተኛ ዓይን የራሱ ነበር።

«ስንዱ» አለ፣ ማንም ወደሌለበት አልጋ ዞሮ፣ «አየሽኝ?»